ዊንዶውስ የወጣለት ታብሌት

«ዛሬ ከዚህ አሮጌ ታብሌት ላይ ዊንዶውስ ተነሥቶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ይገባል!» ሲል፣ አንድ ጊዜ የሬዲዮ አንቴና ስላቀና «መሐንዲሱ» የሚባለው አባወራ ቆሞ አወጀ።

«መስኮቱ ከወጣማ ብርድ አይገባበትም ልጄ?» አሉ አማቱ።

ዛሬ ካቃተው ማዕረጉ አበቃለት። መኝታ ቤት ዘግቶ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ጋር ሦስት ሰዓት ታገለ፤ ታብሌቱ ግን ፍላሹን ዞር ብሎም አላየው። በመጨረሻ የስክሪኑን ፎቶ ብቻ ቀይሮ ወጣ።

«ይኸው ሊኑክስ!»

«አቤት ፍጥነቱ!» አለ ሊያይ የመጣው ጎረቤት።

«እንዴት ቀለለ በሞቴ!» አለች ሚስቱ በእጇ እየመዘነች።

አማቱም ዳር ዳሩን ዳስሰው፣ «ብርድም አላስገባ፤ እጅህ ይባረክ» አሉ።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ጠቆረና ጻፈ፦ «ዊንዶውስ እየታደሰ ነው፤ እባክዎ አያጥፉት።»