ስሙ የማይጠራው ቅጠል

ቡታጅራ ውስጥ የእኔን ቅጠል ያልጠጣ ሰው ካለ ገና አልተወለደም። ስሙን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ ያወረሰኝ አባቴ እንዲህ ብሎኛል።

የታላቅ እህቴ የከድጄ ልጅ ፈትሂያ ወልቂጤ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ስትጨቀጭቀኝ አንድ ጭብጥ የደረቀ ቅጠል ሰጠኋት። በወሩ ጠርታ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ።

«እነዚህ የሰውነት ዘበኞች ናቸው፣ አጎቴ። ነጭ የደም ሴሎች። ቅጠልህ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲነካቸው ይነቃሉ። ይኸው፣ ጀርሙን መዋጥ ጀመሩ።»

«ስንት ዋጡ?»

«ይሄኛው ሦስት፣ አራት። ግን ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ሰው ላይ አልተሞከረም።»

ቡታጅራ ስደርስ ሦስቱ ሦስት ሚሊዮን ሆነው ነበር። መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። ከድጄም ሰማች።

በሁለተኛው ሳምንት ፈትሂያ ደወለች። «እማ የቁርጥማት ክኒኗን ትታ ያንተን ቅጠል ከጎረቤት እየለመነች ትጠጣለች! ጣቶቿ አብጠው ቆጮ እንኳ መክተፍ አቅቷታል።»

«ታዲያ ቅጠሌ ያሽራታላ!»

«የእሷ ዘበኞች መቼ ተኙ? አብደው የገዛ መገጣጠሚያዋን ነው የሚበሉት። ክኒኑ ያስተኛቸዋል፣ አንተ ትቀሰቅሳቸዋለህ። እኔን እንቢ ብላኛለች። ቶሎ ድረስ፣ እጇ እንዲህ እንደተቆለመመ ሊቀር ይችላል።»

ከነፋስ ቀድሜ ደረስኩ። ከድጄ ኩባያዋን በሁለት መዳፏ አቅፋ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ተይው።»

«ሦስት ሚሊዮን ጀርም በላ ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ሦስት ነው የበላው።»

«ሚሊዮን?»

«ሦስት ብቻ። ቢበዛ አራት።»

«ሙከሚል፣ ዓለሙን ሁሉ አድነህ ለእኔ ሲሆን ሰሰትክ?» ኩባያውን ወደ አፏ አነሳች።

ያኔ የቅጠሉን ስም ጠራሁት። ሁለት ጊዜ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኼ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ወላሂ በል! ከሽንት ቤቴ ጀርባ የሚበቅለው?»

«እሱው።»

«ፍየሌ እንኳ የማትቀምሰው?»

«እሱው ነው፣ እትዬ።»

«አረከስከው!» አለችና ደጅ ደፋችው። ክኒኗን ከሳጥን አውጥቼ አቀበልኳት፤ በማግስቱም ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። ከወር በኋላ ቆጮ መክተፍ ጀመረች።

የሰባት ትውልድ መድኃኒት በአንድ ጩኸት አለቀ። ጩኸቱ ግን ወልቂጤ ድረስ ተሰምቷል።