የባል ስም

ታቫማላር ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። አብረው በኖሩባቸው አራት ዓመታት «ኧረ ይስሙኝማ!» እያለች ነበር የምትጣራው፤ እናቷም አባቷን የምትጠራው እንዲያ ነበር። ሚስት የባሏን ስም ከጠራች ዕድሜው ያጥራል ይባላላ። ጦርነቱን ሸሽተው፣ ባሕሩን በጀልባ አቋርጠው ሕንድ አገር ታሚል ናዱ የስደተኞች ካምፕ በገቡ በዓመታቸው፣ ባሏ እናቱን ሊያመጣ ወደ አገራቸው ወደ ላንካ ተመለሰ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ሞተም ኖረም የሚል ወሬ የለም። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት የባለትዳርነቷን ቀይ ምልክት ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። መበለት ናት የሚል ካለ እስቲ ይሞክራት።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ስደተኛው ለቆጠራ ይሰለፋል። ጸሐፊው «የባል ስም?» ባላት ቁጥር ከኋላዋ ሆና የምትመልስላት ጎረቤቷ ሳራስ ነበረች። በአንድ ጀልባ ነው የመጡት።

«ኩጋታሳን! ጻፍ እንጂ ጌታው፣ የዚችን ምላስ ባሏ ቆልፎበት ነው የሄደው!» እያለች ሰልፉን ታስቅ ነበር። ሳራስ ባለፈው ወር ልጆቿን ይዛ ላንካ ገባች።

ዛሬ አዲስ ጸሐፊ መጥቷል። የድሮው መዝገብ ዝናብ ገብቶበት ስለተበላሸ ሁሉም እንደገና ይመዘገባል። ልጁ ወንበሩን ገና ሳያሞቀው ቁጣውን ለምዶታል።

«የባል ስም?»

ታቫማላር ዞር አለች። ከኋላዋ ያለችው ኮኪላ ናት፤ የሳራስን ክፍል የወሰደችው፣ እዚሁ ካምፕ የተወለደችው።

«ኮኪላዬ፣ ንገሪልኝ እስቲ።»

«ከየት አውቄው እትዬ? እሱ ሲሄድ እኮ እኔ ገና ድክድክ እል ነበር።»

«እናንተስ?» አለች ታቫማላር ወደ ሰልፉ ዞራ።

«እኛማ የታቫማላር ባል ብለን ነው የምናውቀው» አለች አንዷ። የቀሩት ትከሻቸውን ሰበቁ። የሚያውቁት ወይ ሞተዋል ወይ ሄደዋል። ያን ጊዜ ደነገጠች። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ስሙን የያዘችው እሷ ብቻ ናት፣ እሷም አፏን ዘግታ።

«እናቴ፣ ሰው ቆሟል። ስም ከሌለ ባል የላትም ብዬ ልለፈው» አለ ጸሐፊው።

ስሙ መዝገብ ላይ ከሌለ፣ ቢመጣ እንኳ ከበር ይመልሱታል።

«ኩጋታሳን» አለች።

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩዋት። ቀጥሎ አንዷ «ውይ፣ ደፈረችው!» ብላ ሳቀች። ጸሐፊው ምንም ሳይመስለው ጻፈና ቀጣይዋን ጠራ።

ታቫማላር ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ፈርታለች። ገደልኩት ይሆን? እያለች ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጠች። ከፍርሃቱ ሥር ግን የሄደበት ቀን መጣባት። ባሕሩ ዳር ሰው ተጨናንቆ ነበር። የሆነ ነገር አስፈርቷት፣ አትሂድ ልትለው «ኧረ ይስሙኝማ!» ብላ ጮኸች። ሚስት ሁሉ የምትጣራው እንዲያ ነውና ሦስት የሰው ባሎች ዞር አሉ። የሷው ግን የምትጣራው ሌላ ሴት መስላው ጀልባው ላይ ወጣ።

በስሙ ብትጠራው ይዞር ነበር።

«ኩጋታሳን!» አለች፤ ደገመችው፣ በሦስተኛው ጮኸች። የካምፕ ግድግዳ ስስ ነው።

«እትዬ!» አለች ኮኪላ ከወዲያ። «ማንን ነው የምትጣሪው?»

«ማንንም፤ ቢጠሩት የሚዞር የለም» አለች።