ለሐሙስ የሚሆን ወለል

ዲምፕና ጌራቲ በቀኝ ጫማዋ ተረከዝ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታችና ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ የሚወለውለው ወጣት እጁ ባለበት ቀረ።

"እማማ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?"

"ወለልህ ሲሚንቶ ነው። ላዩ ላይ የእንጨት ሥዕል ለጠፋችሁበት እንጂ" አለችው።

ወጣቱ ወለሉን ገና ዛሬ እንዳየው ሁሉ አጎንብሶ ተመለከተ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ባርኔጣ የደፉ የአየርላንድ ተረት ድንኮች ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሦስት ቴሌቪዥኖች ሦስት የተለያየ ኳስ ጨዋታ ያሳያሉ። በሩ ላይ ደግሞ "እውነተኛ የአየርላንድ መጠጥ ቤት" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የባሏ ወንድም ፊንታን ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ጥቁር ቢራ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ ያየው ነበር።

"እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"አረፋው የሳሙና ነው። እንሂድ።"

"ሳትጨርሰው?"

"መጀመሬም ይቆጨኛል።"

ወጥተው አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሙ። ማክሰኞ ነው፤ ለንደን ላይ ዝናብም ፀሐይም ሳይሆን የዋለ ቀን። ዲምፕና ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ የመጠጥ ቤቱን ስም ሰረዘች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአየርላንድ፣ ከሜዮና ከጎልዌይ በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ስምንት ሰዎች፣ ዲምፕናና ፊንታንም ጭምር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክሪክልዉድ ሰፈር ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ጓዳ እየተገናኙ፣ በእንጨት ወለል ላይ ተረከዝ እየመቱ የአገራቸውን ዳንስ ይደንሱ ነበር። አራት ጥንድ ሆነው፣ አራት ማዕዘን ሠርተው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ። ቤቱ ተሸጠ፤ አፓርታማ ሊሆን ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት ሆነ። ከመካከላቸው ብራይዲ ዋና ጀመረች። ባልና ሚስት ኮስቴሎዎች ሐሙስን በቴሌቪዥን ፊት ማሳለፍ ለመዱ። እግር ቤት ከለመደ በኋላ መልሶ ለመጥራት አስቸጋሪ ነው፤ ዲምፕና ይህን ታውቃለች። እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ቦታ ካልተገኘ ሁሉም በየቤቱ እንደሚቀር ታይቷታል።

ስምንት ነበሩ ማለት ይቀላል እንጂ፣ ካለፈው ዓመት የካቲት ጀምሮ ስድስት ናቸው። ባሏ ጃርላዝ በልብ ሕመም ከሞተ ወዲህ ዲምፕና አልደነሰችም። ከቴፑ አጠገብ ቆማ "ወደ ውስጥ፣ ተዟዟሩ፣ ተሻገሩ" እያለች እርምጃውን ትጠራላቸው ነበር። ብትለመንም እሺ አትልም። "እግሬ እምቢ ብሏል" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

ሁለተኛው ቤት ገና ከበሩ አስደሰታቸው። ወለሉ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው፤ ተረከዟን መልሶ ሲመታት ዲምፕና ፈገግ አለች። ፊንታን የመጀመሪያውን ጉንጭ ዋጠና ዓይኑን ጨፈነ።

"ሚስት ሳላገባ የቀረሁት ይሄን ስጠብቅ ነው" አለ።

ባለቤቱ ግን ሐሳባቸውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "አዝናለሁ። ከእናንተ አንዱ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?"

"የወደቀው" አለች ዲምፕና።

"ኢንሹራንሱ እንዲህ አያስብም።"

ፊንታን ብርጭቆውን አንጠፍጥፎ ጨረሰ፤ ሲወጣም ዞር ብሎ ባንኮኒውን አየና "እንዲህ ያለ ቢራ፣ እንዲህ ላለ ሰው" አለ ቅር ብሎት።

ሦስተኛው ቤት ከዊልስደን አውቶቡስ ማዞሪያ ጀርባ፣ በፀጉር ቤትና በስልክ ጠጋኝ መካከል ተሸጉጧል። ከበሩ በላይ "ሎፍተስ" ከሚል ስም በቀር ምንም የለውም። ውስጥ አራት ሽማግሌዎች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። ባለቤቷ ኢሜልዳ ሎፍተስ፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋች ወፍራም ሴት፣ ሳንድዊች ትቆርጣለች። ዲምፕና ተረከዟን አነሳች፤ ወዲያው መልሳ አወረደችው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ ለብሷል።

"ይሄም አልሆነም" አለች።

አርባ ዓመት በአናጺነት የሠራው ፊንታን ግን ቢራ እንኳ ሳያዝ ተንበረከከ። በጣቱ አንጓ ምንጣፉን አንኳኳ። ትንሽ ዳኸና ደግሞ አንኳኳ።

"አባባ፣ አመመዎት?" አለች ኢሜልዳ ቢላዋዋን አስቀምጣ።

"ጤነኛ ነኝ። ከዚህ ምንጣፍ ሥር ምን አለ?"

"አቧራ።"

"ከአቧራውስ ሥር?"

ኢሜልዳን ሳቅ አመለጣት። "እሱን አላውቅም። ያነጠፈው አባቴ ነው፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።"

ዲምፕና የመጡበትን ነገረቻት፤ ስለ ሐሙሱ፣ ስለተሸጠው ቤት፣ ወደ ዋና ስለሄደችው ብራይዲ። ኢሜልዳ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አዳመጠች።

"ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ነው፤ ደንበኛ ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል" አለች። "ግን ያልሰማሁትን ጫጫታ እሺ አልልም። እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ለጸጥታ ነው። አይደለም እንዴ ኮርማክ?"

"ለጸጥታና ለሳንድዊቹ" አለ ከጥግ አንድ ሽማግሌ፣ ዓይኑን ከፈረስ ውድድሩ ገጽ ሳያነሳ።

ፊንታን ጉጠት ለመነ፤ ኢሜልዳም ሰጠችው። ሁለት ጠረጴዛ ገፋ አድርገው፣ የምንጣፉን ጫፍ ነቅለው እስከ ግማሽ ጠቀለሉት። አቧራው ተነሣ፤ ኮርማክ አስነጠሰ። ከሥሩ ረጃጅም፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው ጣውላ ወጣ። ዲምፕና በተረከዟ መታችው። ከታች ምድር ቤት ስላለ ወለሉ እንደ ከበሮ መለሰላት። ጉንጮቿ ቀሉ።

"እንግዲህ አሳዩኝ" አለች ኢሜልዳ።

"እኔ ጠሪ ነኝ። አልደንስም።"

"ታዲያ ማን ሊያሳየኝ ነው?"

"እኔ" አለ ፊንታን፤ አንድ ወንበር እንደ ዳንስ ጓደኛ ወገቡን ያዝ አድርጎ አነሣ። "ይቺ እምቢ አትልም።"

"ሙዚቃስ?"

ኮርማክ ጋዜጣውን አጠፈ። "ጫጫታው ካልቀረ ደህና ጫጫታ ይሁን" አለና፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ "ዲደል-ዳ፣ ዲደል-ዳ" እያለ ፈጣን ዜማ በአፉ ያወጣ ጀመር።

ፊንታን ከነወንበሩ ተነሣ። "ወደ ግራ" አለችው ዲምፕና። ወደ ቀኝ ዞረ።

"ግራ ነው የምልህ።"

"ወንበሯ በቀኝ ካልሆነ ብላለች።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ፊንታን ሲሻገር ጠረጴዛ መታ፤ ሲመለስ የወንበሩ እግር በገዛ እግሩ መሃል ገባ። ኢሜልዳ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። ዲምፕናን ንዴት እንደ እሳት አቃጠላት። ይህቺ ሴት ይሄን አይታ ዳንሱ ይሄ ነው ብላ ልታስብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የለፉበት፣ ጃርላዝ ከሥራ ደክሞት ሲመጣ እንኳ ቀርቶበት የማያውቀው ዳንስ እንዲህ ሲደናበር ልታይ ነው።

ወንበሩን ከእጁ ወስዳ ግድግዳው ሥር አቆመችው።

"እጅህን ስጠኝ" አለችው። "እንዳትጎትተኝ ብቻ።"

በመጀመሪያው ዙር የራሷ ባልሆነ እግር የምትሄድ መሰላት። በሁለተኛው ላይ ጣውላው ተረከዟን ተቀብሎ ወደ ላይ ላካት። ወገቧን የያዛት የጃርላዝ እጅ አልነበረም፤ የጃርላዝ ጠበቅ ያደርግ ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የፈራችው ይህን ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ ሲይዛት የእሱ የሚጠፋ መስሏት። አልጠፋም። ይልቁንም ስትዞር በየት በኩል ይቆም እንደነበር ጥርት ብሎ ታያት። ዓይኗ እርጥብ አለ፤ ፊቷ ግን ይስቅ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ልብ አለች። ፊንታን አንዲት እርምጃ አልሳተም።

"አንተ ሰውዬ፣ ግራህን ታውቀዋለህ።"

"አሁን ገና ገባኝ" አለ ፊንታን፣ ፊቱን እንደ ጻድቅ አድርጎ።

ኮርማክ ትንፋሹ አልቆ ዜማውን ሲያቆም ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደቡት። ኢሜልዳ ሁለት ቢራ ቀድታ አመጣች።

"ሐሙስ በስንት ሰዓት ትመጣላችሁ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ።"

"ሳንድዊች አዘጋጃለሁ። የቀረውን ምንጣፍ ግን እሳቸው ያንሡልኝ፤ የጀመሩት እሳቸው ናቸው።"

ፊንታን ከብርጭቆው ተጎነጨ። ዲምፕና በዓይኗ ጠየቀችው።

"መካከለኛ" ብሎ በጆሮዋ ሹክ አላት። "ግን ተስፋ አለው። በየሳምንቱ እየመጣሁ ቢራ አቀዳድ አስተምራታለሁ።"

ከዚያ በመስኮት ወደ ማዞሪያው አየና ኮቱን አነሣ። "አውቶቡሱ ቆሟል። ይሄ ካመለጠን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን።"

ዲምፕና አንድ እጅጌዋን አግብታ ነበር። ግማሹ የተጋለጠውን ወለል አየችው። እጅጌዋን አወለቀች፣ ኮቷን ግድግዳው ሥር ባቆመችው ወንበር ላይ ጣለችና ወደ ኮርማክ ዞረች።

"ጉሮሮዎ ደርቋል" አለችው፣ "ወይስ አንድ ዙር ይቀርዎታል?"