የሦስተኛው ፎቅ ዋጋ

አቶ ጌታሁን አየር ጤና ላይ ስሚንቶና ፌሮ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አገር ሁሉ ከእሳቸው ገዝቶ ሲገነባ እሳቸው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መኖራቸው ሲያንገበግባቸው ቆየና፣ ወደ ቤቴል ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቦታቸው ላይ ፎቅ ሠሩ። ፈቃድ የወጣው ለሁለት ፎቅ ነበር። ሦስተኛውን የፈቀደው የገዛ ምኞታቸው ነው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ጋሽ አነስ፣ የቤታቸው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ጊዜ «ይሄ ፎቅ ወደኔ እየመጣ ነው» ብለው ከሰሱ።

ክሱ አቶ ጌታሁንን እንቅልፍ ነሳቸው። የቀጠሩት ጠበቃ ስልክ የሚያነሳው ክፍያ ሲደርስ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ባለሙያ ተልኮ ፎቁ እንዲመረመር አዘዘ። በዚህ ጊዜ አቶ ጌታሁን፣ «ጠበቃ ከገዛ ቤቴ ካልወጣ ይሄ ሰውዬ አይለቀኝም» አሉና ዓይናቸውን በልጃቸው በፀሎት ላይ ጣሉ።

ፀሎት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት መጥታለች። ውጤቷ አርክቴክቸር ያስገባታል፤ ወደ ሕግ መዞርም ትችላለች። የትኛውን እንደምትፈልግ ለማወቅ ግን ነቢይ አያስፈልግም ነበር፤ በደብተሯ ጀርባ፣ በመዝሙር ወረቀቷ ጠርዝ ሳይቀር ቤት ስትስል ያደገች ልጅ ናት። ከሁሉም መስኮት መሳል ትወዳለች። ፀሐይ ጠዋት በየት ገብታ ማን አልጋ ላይ እንደምታርፍ ማሰብ ደስ ይላታል።

ቤት የሚወድ ሰው ግን የቤትን ሕመምም ያያል። በመጣች ሰሞን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሦስተኛውን ከተሸከሙት ኮለኖች በአንዱ ላይ ሰያፍ የወረደ ስንጥቅ አየች። ቀጥሎ ያለውንም አየች፤ እዚያም አለ። ከአርክቴክቸር ተማሪዎች የሰማችው ዘዴ ነበርና ጄሶ በጥብጣ በስንጥቁ ላይ በስሱ ለጠፈች። ቤቱ ካረፈ ጄሶው ደህና ይከርማል፤ ቤቱ ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይከፈላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስታየው ለሁለት ተከፍሏል። ፀሎት ፈራች። ወረደችና አባቷ ከሱቅ እስኪመጡ ደጅ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

አቶ ጌታሁን ሲመጡ እጃቸውን ይዛ ወደ ላይ ወሰደቻቸው። ግን እሳቸው አዲሱን ፎቅ ለማስባረክ እሁድ ላሰቡት የምስጋና ፕሮግራም ቀለም ቀቢ ልከው ኖሮ፣ ኮለኑ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ክሬም ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቆሟል። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ስንጥቅ ይቀባል እንጂ አይጠየቅም።

«የታለ?» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ከሥሩ አለ አባዬ። ቀለም እኮ አያድነውም። እሁድ ሰው እዚህ አይውጣ፤ ግቢ ውስጥ ድንኳን እንጣል።»

«በነሐሴ ዝናብ? ሦስተኛውን ፎቅ ላስባርክ የጠራሁትን ሰው ጭቃ ላይ ላስቀምጠው?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

«አነስ በአጥሩ እያየ? እንግዶቼን ታች ባስቀምጥ፣ ‹አመነልኝ› ብሎ ለዳኛው አይነግርም?» አሉ። ቆጣ ይላሉ ብላ ስትጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይሄ ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራት። «አርክቴክትነቱ ገና ሳይጀመር ቤቴን ማፍረስ ጀመርሽ። እንግዲያው ስሚኝ። ሕግ ምረጪ፣ እኔም ድንኳን አስጥላለሁ። ጠበቃ ልጅ ካለችኝ አነስ ያሻውን ይበል።»

እናቷ ወይዘሮ ዘመነች በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ፀሎት አየቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

እሁድ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚዘምሩት መዘምራን ታዩዋት። ሽብሸባው ሲሞቅ፣ ጉባኤው አብሮ ሲዘል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስተው በአንድ ጊዜ ሲያርፉ ታያት። ስልኳን አወጣችና አባቷ ዓይን ሥር ሕግን አንደኛ ምርጫዋ አደረገች። አርክቴክቸርን ወደ ታች አወረደችው፤ ሰው ማዳኗ ነውና ቻለችው።

እሁድ ድንኳን ተጣለ። ፓስተር አምላኩ እጃቸውን ጭነውባት፣ «ጌታ የእውነት ጠበቃ ያድርግሽ» ሲሉ ጉባኤው አሜን አለ። ከዚያ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ፕሮግራሙ ግቢ ውስጥ በመሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋሽ አነስን ደጃቸው ላይ ቆመው አዩዋቸው። «በምስጋና ቀን ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፎ ይዋል?» አሉና የሰፈሩን ሽማግሌ ጨምረው አመጧቸው። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ጋሽ አነስ ክሱን ሊያነሱ፣ አቶ ጌታሁን ግድግዳቸውን ሊያስጠግኑ ቃል ተገባቡ። ወይዘሮ ዘመነች እልል አሉ። ክሱ ሲነሳ የፎቁ ምርመራም አብሮት ቀረ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ፀሎት በእርቁ ዕለት ከሁሉ ጋር አጨብጭባለች፤ የሆነው ነገር የገባት መስከረም ላይ ነው። አቶ ጌታሁን ሦስተኛውን ፎቅ ለአፀደ ሕፃናት አከራዩት።

አፀደ ሕፃናቱ ትምህርት በጀመረ በማግስቱ፣ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ሰፈሩን በግማት በሞላበት ጠዋት፣ የጋሽ አነስን በር አንኳኳች።

«ጋሽ አነስ፣ ክሱን መልሰው ይክፈቱት፤ ፎቁ ይመርመር። እኔ እመሰክርልዎታለሁ።»

«በአባትሽ ላይ?»

«በአባቴ ላይ።»

ሽማግሌው ፂማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት ይቅር ብያለሁ። አሁን ብመለስ ሰፈሩ ምን ይለኛል? ግድግዳዬንም አስጠግኖልኛል፤ አላህ ይስጠው። ደግሞ እርቃችን እንዲጸና ብሎ የልጅ ልጄን አፀደ ሕፃናቱ በነፃ አስገባልኝ። እዚያው ላይ ናት።» ገብተው የምሳ ዕቃ ይዘው ወጡ። «ምሳዋን ረስታ ነው የሄደችው። እባክሽ አድርሺላት።»

ፀሎት የምሳ ዕቃውን ይዛ ወጣች። በሁለተኛው ፎቅ በኩል ስታልፍ ከክሬሙ ቀለም ሥር ስንጥቁ ተመልሶ ወጥቷል። ጣቷን አስገባችበት፤ ገባላት።

ላይ ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። መምህርቷ ሰብሌ ወጣት ናት፤ ፈገግ ብላ ተቀበለቻት።

«መምህር፣ ልጆቹን አሁኑኑ ወደ ግቢ አውርጂያቸው። ፎቁ ደህና አይደለም።»

የሰብሌ ፈገግታ ጠፋ። «ማን ነው ያለው? መሐንዲስ ነሽ?»

«የባለቤቱ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው አባትሽን ልጠይቃቸው» አለችና ደወለች። ፀሎትም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። የአቶ ጌታሁን ሳቅ ክፍሉን ሞላው።

«የኔ ልጅ እኮ ሕግ ነው የምትማረው! ስለ ፎቅ ምን ታውቃለች ብለሽ ነው? ልጅነት ነው፣ አትስሚያት። ይልቅ ሥራችሁን ቀጥሉ።»

ሰብሌ ስልኩን ዘጋች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የፎቁ ጌታ ከነገራት ወዲያ ማንን ትመን? «በሉ ልጆች፣ ተነሱ!» አለች። «እጅ ወደ ላይ! አሁን እንዝለል!»

ዘለሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስተው በአንድ ጊዜ አረፉ። ወለሉ ከፀሎት ጫማ ሥር በቀስታ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። ከታች እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ያለ ድምፅ መጣ፤ በልጆቹ ሳቅ መሐል ከእሷ በቀር የሰማው የለም።

የጋሽ አነስ የልጅ ልጅ የምሳ ዕቃዋን አይታ እየሮጠች መጣች። ፀሎት ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ልጅቷን ይዛ መውረድ ትችላለች፤ ደረጃው ቅርብ ነው። ሌሎቹን ግን ምን ብላ፣ በየትኛው እጇ ታውርዳቸው?

«በሉ እንደገና!» አለች ሰብሌ።