የትርሲት ወረፋ

እህቴ ትርሲት መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ወረፋ ያስያዘችው ድንጋይ በስሟ ተጠርቶ በስሟ ተሳፈረ። ይህ የሆነው በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ትርሲት በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። የምትሄደው በዊልቸር ነው። ፓርክ የሄድነው ለጨዋታ አልነበረም። እናታችን ነሐሴ ላይ ሞታ ኮረብታው ጫፍ ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ ጭቃ ነበር። የዕድሩ ሰዎች አስከሬኑን ተሸክመው ሲነሱ ትርሲት፣ "እኔስ?" አለች። የዕድሩ ሊቀ መንበር ወደሷ ዝቅ ብለው፣ "ልጄ፣ ሁለታችሁንም አንችልም" አሏት። እውነታቸውን ነው፣ ሰው አጥሮ ነበር። ትርሲት ድንኳኑ ውስጥ ከባዶ ወንበሮች ጋር ቀረች። መቃብሩን አላየችውም።

መስከረም ላይ ጎረቤታችን ብዙአየሁ ከፓርኩ ሲመለስ እኛ ቤት ገባ። ትልቁ መሽከርከሪያ ላይ ወጥቶ ነበር።

"ከላይ ስትሆኑ ኮረብታው ቁልጭ ብሎ ይታያል" አለ። "የእናታችሁን ሰማያዊ መስቀል ሳይቀር አየሁት።"

ከዚያ ወዲያ ትርሲት ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

የፓርኩ መግቢያ ላይ "ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ እንሰጣለን" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ያለው ከአራት ደረጃዎች በላይ ነው። ሁለት ጥበቃዎች ትርሲትን ከነዊልቸሯ አንስተው ሰሌዳው ሥር አስቀመጧት። የመሽከርከሪያው ወረፋ ደግሞ በብረት አጥር መሃል ነው የሚያልፈው፤ አጥሩ ለአንድ ሰው ትከሻ ያህል እንጂ ለዊልቸር አይበቃም። ስለዚህ ልዩ ድጋፍ ወደሚል መስኮት ሄድን። እዚያ የምትሠራዋ ሴት ወይዘሮ ጽጌ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ከቀበሌ ያመጣነውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ይሄ መራመድ አትችልም ነው የሚለው" አለች። "መጠበቅ አትችልም አይልም።"

"መጠበቅማ እችላለሁ" አለች ትርሲት። "አጥሩ ነው የማያስገባኝ።"

"አጥሩን እኔ አልሠራሁትም፣ የኔ እናት።"

"እሺ፣ እህቴ ትቁምልኝ።"

"ሰው የሚቆመው ለራሱ ነው። መመሪያው ላይ አለ። ለሌላ ሰው መቆም የሚችለው ድንጋይ ብቻ ነው።"

ይህ አልገረመንም። ሰፈራችን ውሃ ሲጠፋ ቦኖው ጋ ሁሉም ድንጋዩን አስይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚነካውም የለም። ትርሲት ከአበባ መደቡ ጠርዝ አንድ ግራጫ ድንጋይ መረጠች። የዳቦ ያህል ነው። ወይዘሮ ጽጌ መዝገቧ ላይ ስሟን ጻፈች።

"ስሟ ሦስት ጊዜ ይጠራል" አለችኝ። "አቤት ማለት አለባችሁ። ሦስቱ ካለፈ እኔ የለሁበትም።"

ድንጋዩን ወረፋው መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐዩ ስለበረታ ትርሲት ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ቆየች። ሙዚቃው ይጮኻል፤ ከዚያ ሆና ስሟ ቢጠራ አትሰማም። አቤት የምለው እኔ ነበርኩ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ድንጋዩም ይንቀሳቀሳል። የሚገፋው ሰው አልነበረም። አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል።

"ይሄ ከኔ በፊት ነው?" አለኝ ከኋላው የቆመ ወፍራም ሰውዬ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ይሁን፤ ይሄ እንኳ በስልክ አያወራም።"

"ካንተ ግን ይፈጥናል!" አለች ሚስቱ። "ተጠጋ እንጂ አንተ!"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል የመሽከርከሪያው ተቆጣጣሪ፣ "ትርሲት!" ብሎ ተጣራ።

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ድምፄ አልወጣም።

"ትርሲት!"

ትርሲት ድንጋዩ ፊት መድረሱን አይታ ዛፉ ሥር ሆና እጇን ታወዛውዝ ነበር። እኔ እጄን እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። ፊቴ ጋለ። ሰውዬው፣ "ልጅቷ፣ አንቺ ነሽ?" አለኝ። አሁንም አልወጣም።

"ትርሲት!"

"አቤት" አለ ድንጋዩ።

ድምፁ የትርሲት ነበር። ጉንፋን ሲይዛት እንደሚሆነው ትንሽ ጎርነን ያለ ነው።

"ግቢ" አለው ተቆጣጣሪው። አንስቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ቀበቶውንም አሰረለት።

መሽከርከሪያው እያንዳንዱን ወንበር ጫፍ ላይ ሲያደርስ ለአፍታ ይቆማል። የድንጋዩ ወንበር ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም ትርሲት ቀና ብላ አየችው። ድንጋዩ ወደ ኮረብታው ዞሮ ነበር። ሲወርድ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ዝናብ አልዘነበም።

ወደ መስኮቱ ተመለስን።

"መዝገቡ ተሳፍራለች ነው የሚለው" አለች ወይዘሮ ጽጌ። "በልዩ ድጋፍ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው። አቤት ብላለች፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"እኔ አላልኩም" አለች ትርሲት።

"ታዲያ ማን አለ?"

ትርሲት ዞራ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ነበር የምትሄደው። እኔ ከኋላ እገፋታለሁ። የቀለበት መንገዱን ተሻገርን።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ሣሩ በቅሏል አለኝ። መስቀሉ ዘሟል። እማዬ መቃብሯ ላይ ቁጭ ብላ ወደ መንገዱ ታያለች።"

"ማንን?"

"ቀባሪዎቿን ቆጥራ አንድ ሰው ጎደለባት።" ድንጋዩን ዳበስ አድርጋ፣ "ከጎኗ ቦታ አለ ብላለች" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ ቤት ውስጥ አልነበረም። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ወዴት እንደሄደ ስለገመትኩ ዳገቱን ወጣሁ። የእናታችን መስቀል ዘሟል፤ ሣሩም በቅሏል። ከመቃብሯ ቀኝ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል መሬት ተመንጥሯል። መቃብር ቆፋሪው ጋሽ ደምሰው ዶማቸውን ከሚያስደግፉበት ግንብ ጀምሮ የድንጋይ ሰልፍ ነበር። የትርሲት ድንጋይ አራተኛ ነው።

ላነሳው ሞከርኩ። ትናንት በአንድ እጄ የያዝኩት ነው፤ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።

"በከንቱ አትልፊ" አሉኝ ጋሽ ደምሰው። "ወረፋ ነው። ስንቱ ሞክሮታል።"

በሳምንቱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ተቀበሩ። ከትርሲት ፊት ሁለት ድንጋዮች ቀሩ። ከወንዝ ዳር ሦስት ድንጋዮች በማዳበሪያ ተሸክሜ ወጥቼ ከፊቷ ደረደርኳቸው። ሰልፍ ማቋረጥ ያሳፍረኛል፤ ግን አደረግኩት። ጋሽ ደምሰው እየተመለከቱኝ በእግራቸው ገፍተው አወጧቸው።

"እነዚህ ሰው የላቸውም" አሉ። "ሰው የሌለው ድንጋይ፣ ድንጋይ ብቻ ነው።"

ቤት ገብቼ ለትርሲት ሁሉንም ነገርኳት። አንዲት ጎረቤታችን ፀጉሯን እየሠራቻት ነበር። ትርሲት ነጩን ቀሚሷን አጥባ አስጥታዋለች፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው።

"አጥር አለው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ወረፋው።"

"የለውም።"

"ዳገቱንም ይሸከሙኛል" አለች። "ለዚህማ ሰው አያጥራቸውም።"

ጎረቤታችን የሰማች አልመሰለችም። ሹሩባውን እስከ ጫፉ ሠርታ ቋጠረችው።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት ለትርሲት። "አቤት ማለት ነበረብኝ።"

"አንቺ ምን አደረግሽ" አለች። እጄን ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ንጋት መሬት።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አስተማሪ ተቀበሩ። አንድ ድንጋይ ቀረ። ትርሲት ምግብ ስሰጣት፣ "ትንሽ ይብቃኝ፣ እንዳልከብዳቸው" ትለኝ ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ያ አንድ ድንጋይም አልነበረም። ጋሽ ደምሰው ከእናታችን ቀኝ ቆመው መሬቱን በገመድና በካስማ ይለካሉ። የትርሲት ድንጋይ ከሁሉም ፊት ነው፤ ደርቆ ነጣ ብሏል። ከኋላው ሰልፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይደርሳል። በእሱና በግንቡ መካከል የአንድ ሰው እግር የሚያስቆም ክፍተት አለ። ጫማዬን አወለቅኩና እዚያ ገብቼ ቆምኩ። ጀርባዬን ለድንጋዩ፣ ፊቴን ለዶማው ሰጠሁ።

ጋሽ ደምሰው ቀና ብለው አዩኝ።

"ማን ነሽ?"

"ስምረት" አልኩ።

"እዚህ የቆመ ለራሱ ነው የሚቆመው። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"አልሰማሁሽም።"

"አውቃለሁ!" አልኩ። ድምፄ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተመልሶ መጣ። ዛፉ ላይ የነበሩት ርግቦች ተነሡ።

ጋሽ ደምሰው ገመዱን አንስተው እኔ አጠገብ መጡ። ከራስ ፀጉሬ እስከ ተረከዜ ለኩኝ። ከዚያ ወደ መሬቱ ተመልሰው አንዱን ካስማ ነቀሉና በእኔ ልክ አንድ ክንድ ያህል አስጠግተው ተከሉት። ከበስተኋላዬ አንድ ነገር ጠጠሩ ላይ ሲንፏቀቅ ሰማሁ። ቀስ ብሎ መጣና ባዶ ተረከዜን ነካኝ። ሞቃት ነበር፤ ይተነፍሳል።