ከፔዳሉ ሥር

ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ወዴት እንደምትታጠፍ ቀድማ ስለምትናገር «ፍሬቻ» ይሏታል። የዚያን ቀን ጠዋት የታጠፈችው በገዛ ታላቅ ወንድሟ ላይ ነበር፤ ያውም ባለመኪናው ፊት።

መኪናው አውቶማቲክ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሊቀድሙ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጡት፣ ማርሹ ወደ ታች ቀይሮ ጉልበት መስጠት ሲገባው አሻፈረኝ አለ። ከፊት አውቶቡስ እየመጣ ነበር። የተረፉት ለጥቂት ነው።

ወንድሟ ኮፈኑን ከፍቶ ከነዳጁ ፔዳል ተነስቶ ማርሹን የሚያዘውን ገመድ ከሞተሩ በኩል በእጁ ሳበው። እስከ መጨረሻው መጣለት።

«ገመዱ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከማርሹ ሳጥን ነው፤ ካምቢዮው ይውረድ!» ብሎ ፈረደ።

በዚህ ጋራዥ ገመድ የሚፈተሸው እንዲህ ነው። አባታቸውም በሕይወት ሳሉ እንዲሁ በእጃቸው ነበር የሚስቡት፤ እሳቸው ያደረጉትን ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

«አይወርድም» አለች ፍሬቻ።

«ምን አልሽ?»

«አይወርድም ጋሼ። የካምቢዮውን ዘይት አይቼዋለሁ፣ አልተቃጠለም። ደግሞ መምህር የሚነዱት በእግራቸው እንጂ በእጃቸው አይደለም። ከፔዳሉ እንየው።»

ሌሎቹ መካኒኮች ከነገሩ ጦም እደሩ ብለው ወደየሥራቸው ዞሩ። ወንድሟ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«እሺ። ከተሳሳትሽ ግን ቱታሽን አውልቀሽ ቢሮ ትገቢያለሽ። ስልክ ታነሺያለሽ።»

አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ከመካኒክነቱ የሚያስወጣት ሰበብ ሲፈልግላት እንደኖረ ታውቃለች። ቢሮ መግባት ለእሷ በቁም መቀበር ነው። ቢሆንም ወደ ኋላ አላለችም።

መምህሩን መሪው ላይ አስቀምጣ፣ ሞተሩን አስጠፍታ፣ ኮፈኑ ውስጥ አጎነበሰች።

«እስከ መጨረሻው ይርገጡት!»

ገመዱ ተሳበ፤ አንድ አውራ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ።

«ይጨምሩ እንጂ!»

«ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው ወለሉ ነው!»

የወለሉን ምንጣፍ ገለጠችው። ከሥሩ ሁለት ድርብ ወፍራም ንጣፍ ተለጥፏል፤ ማስቲሹ ገና አዲስ ነው። ባለፈው ወር የዛገውን ወለል በይደው ይህን ያነጠፉት እነሱ ናቸው። የለጠፈው ራሱ ወንድሟ ነው። እሱም አየው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ንጣፉን በቢላ ቆርጣ አነሳችው። ሦስቱም ተያይዘው ዳገቱን ወጡ። መምህሩ ሲረግጡት ማርሹ ወረደ፣ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናው ተፈተለከ። መምህሩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ሲመለሱ ወንድሟ እጅጌዋን ይዞ ወደ ጥግ ጎተታት።

«ገመድ አጠበቅን በያቸው። አሸንፈሻል፤ ቱታሽም ያንቺው ነው። የአባታችንን ቤት ስም ግን አታጥፊ።»

ፍሬቻ ደሟ ፈላ። ሰውየው ሊሞቱ ነበር እኮ! ቀጥ ብላ ወደ መምህሩ ሄደች።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ወለሉን ስንሠራ ያነጠፍነው ነገር ፔዳሉን እስከ ታች እንዳይወርድ ከልክሎት ነው።»

መምህሩ ወንድሟን አተኩረው አዩት። እሱ ግን ያየው እህቱን ብቻ ነበር።

«አውልቂ ቱታውን!» ብሎ ጮኸ።

«አላወልቅም። ቢሮው እንደሆነ ባዶ ነው፤ ለመዋሸት ደግሞ ስልክ ይመቻል። አንተ ግባበት» አለችውና መፍቻዋን አንስታ ተራ ከሚጠብቀው መኪና ሥር በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች።

ደፍሮ እግሯን የሚጎትት አልተገኘም።