የገለታ ድንጋይ

«ጠጥቶ ነው አሉ መኪናው ሥር የገባው» አለ አንዱ ለቀስተኛ ንፍሮውን እያላመጠ፤ ድንኳን ጨርቅ መሆኑን ረስቶ። ከጨርቁ ማዶ፣ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችው ካሰች እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ባሏ ገለታ መጠጥ ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ድፍን ጉደር ያውቃል፤ ግን ሟች መልስ አይሰጥም፣ ወሬኛም በዚህ ይተማመናል።

የገለታ እናት አዮ አሰፋሽ የካሰችን እጅ እንደያዙ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። «መኪና ነው የገደለው» ከማለት በቀር ዝርዝሩን የነገራቸው የለም።

ገለታ በሞተበት ቀን ከባኮ በቆሎ ጭኖ የመጣ መኪና በራቸው ላይ፣ ዳገቱ መሃል ቆመ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ የሚያያይዙት ክሮቸራዎች ተበልተው ይንቋቋሉ። ገለታ መካኒክ ነው፤ ዘንጉ ከወረደ ማርሽም የእጅ ፍሬንም ያንን መኪና እንደማይዙት ያውቃል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ትልቅ ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ሲያደርግ ካሰች በዓይኗ አይታለች። ከዚያ አዲስ ክሮቸራ ሊገዛ ገበያ ወረደ።

በዚህ መሃል አዮ አሰፋሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከእግራቸው ሥር አልፎ አያይም። መንገድ ላይ ድንጋይ እግራቸውን ከነካቸው ግን፣ አላፊ አግዳሚውን እንዳይመታ ገለል ሳያደርጉት አያልፉም። ሹፌሮች ጥለውት የሚሄዱትን ድንጋይ ማንሳት ለእሳቸው ጽድቅ ነው።

«ዛሬም አንዱን ገፍቼ መጣሁ፤ እዚሁ በራችን ላይ» አሉ እግራቸውን እየታጠቡ።

«ጽድቅ ይሁንልዎ፣ አዮ» አለች ካሰች ሽሮዋን እያማሰለች። ልብ አላለችም።

ገለታ ከገበያ ተመልሶ በፊት ጎማው በኩል መኪናው ሥር ገባ፤ የኋላውን ጎማ አላየም። መኪናው በማርሽ ተይዞ እንደቆመ ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ መኪናውን የሚይዘው ጠፋ፤ ቁልቁል ተንሸራቶ ወጣበት።

ካሰች ድንጋዩን ያየችው ከቀብር ስትመለስ ነው፤ አጥሩ ሥር፣ አዮ ሁልጊዜ በሚያኖሩበት ቦታ። ብትናገር የባሏ ስም ይጸዳል፤ እኚህ ሴት ግን በቁማቸው ይቀበራሉ።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ፈዬራ የመኪናውን ሹፌር ንዋይን አስከትለው ገቡ።

«ዋቅኒ ስ ሃ ጀጀቤሱ፣ ካሰች። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

ንዋይ መቀመጥ እንኳ አልቻለም። «እኔ በሌለሁበት ነው የሆነው። ሰው ግን የሚያየው እኔን ነው። እህቴ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አላደረገም ነበር?»

አዮ ቀና አሉ። «የምን ድንጋይ?»

ሴቶቹ ወደ ካሰች ዞሩ።

«አላደረገም» አለች ካሰች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ቸኩሎ ነበር። ዝም ብሎ ገባ።» እንዲህ ስትል በገዛ እጇ ሁለተኛ የቀበረችው መሰላት።

«አላልኳችሁም?» አለ ከማዶ ያው ወሬኛ።

አዮ እጃቸውን ከእጇ መነጨቁ። «አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ታጠፊያለሽ? ልጄ እንዲህ አይሠራም! ልጄ ጠንቃቃ ነው! ሁለተኛ አጠገቤ እንዳትቀመጪ!»

ጀርባቸውን ሰጧት። ሲዞሩ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። ካሰች ጥቂት ጠበቀችና ከኋላቸው ሆና፣ እጇ መሆኑን እንዳያውቁ ቀስ ብላ፣ መልሳ አለበሰቻቸው።